ጸሐፊ በጋውን በንባብ፣ በድስትና በትንንሽ ጀብዱ የሚያሳልፍበት አሠራር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጽሑፍ ለሚተዳደሩ ወይም ለመተዳደር ለሚሞክሩ፣ ቀኑ በረዘመበትና ሙቀቱ በበረታበት የበጋ ወራት (በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት) ግን ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ማንበብ፣ ማብሰልና በአካባቢያቸው መንሸራሸር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ጸሐፊ ማረፍ አይሆንለትም፤ ድስት ሲጥድ ስለ ድስቱ የሚጽፈውን ያሰላስላል፣ ኮረብታ ሲወጣ ገና ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ለጉዞው ርእስ ያወጣለታል፣ ወራቱ ሲያልቅም አርፎም ጽፎም አይገኝም። እኔም ሁለት በጋ በዚሁ ዓይነት ካለፈብኝ በኋላ የያዝኩት አሠራር በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም በበጋው ቀናት ከ10 መስመር በላይ አለመጻፍ፣ ለእነዚያ 10 መስመሮች የሚሆነውን ነገር ግን አስቀድሞ አሰናድቶ መኖር ነው።

ሳምንታቱን መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ምኞትን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማስማማት ነው። ያለዎትን የዕረፍት ሳምንታት ይቁጠሩና ለእንግዳ፣ ለድካምና ሙቀቱ ሐሳብን ለሚያደነዝዝባቸው ቀናት ሲሉ ከጠቅላላው ሲሶውን ይቀንሱ። የ3 ወር ዕረፍት ያለው ሰው 13 ሳምንት ይኖረዋል፤ ሲሶው ሲነሣለት ወደ 9 ሳምንት ይወርዳል። ቅነሳው የበዛ የሚመስለው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የንባብ ፍጥነትዎን ይለኩ። ሊያነቧቸው ካሰቧቸው መጻሕፍት መካከል በክብደቱ መካከለኛ የሚመስለውን ያንሡ፣ የስልክዎን ደወል ለ20 ደቂቃ ይሙሉ፣ ከወትሮዎ ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ ያንብቡ፤ ያለፏቸውን ገጾች በ3 ሲያባዙ የአንድ ሰዓት ንባብዎን ያገኛሉ። በ20 ደቂቃ 10 ገጽ ያነበበ ሰው በሰዓት 30 ገጽ ያነባል፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢያነብ በ9 ሳምንት 1,350 ገጽ ይደርሳል። ይህም ባለ 250 ገጽ መጽሐፍ ከሆነ 5 መጽሐፍ ነው፣ 100 ገጽም ለትርፍ ይቀራል። እኔ ይህን ሒሳብ ከማድረጌ በፊት 22 መጻሕፍት አልጋዬ አጠገብ ደርድሬ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ያገለገሉት ግን ለቬንቲሌተሩ ማስቀመጫነት ነው። እውነቱን ለመናገር ቁመታቸው ለዚያ በጣም ተስማሚ ነበር።

አምስቱን መጽሐፍ መምረጥ

አምስቱም ከአንድ ወገን እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አምስት ልብ ወለድ ካነበበ ከሥራው አልወጣም፤ በየምዕራፉ የሌላውን አካሄድ ከራሱ ጋር ሲያመዛዝን ይውላልና። እኔ የምከተለው አከፋፈል እንዲህ ነው፦ አንዱ ረጅምና በሌላው ወራት የማይደፈር ይሁን፤ አንዱ ግጥም ይሁን፣ ውኃ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ተነቦ የሚያልቅ ነገር ከግጥም ሌላ ብዙ የለምና፤ አንዱ አጫጭር ታሪኮችን የያዘ ይሁን፤ አንዱ በልጅነትዎ የወደዱት ይሁን፤ የመጨረሻው ደግሞ ከሙያዎ ፈጽሞ የራቀ፣ ስለ ወፎች፣ ስለ ድልድይ አሠራር ወይም ስለ ጨው ታሪክ የተጻፈ ይሁን። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ አምስተኛው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ጸሐፊ በማያውቀው ሙያ ፊት ተቺነቱን ትቶ ተማሪ ይሆናል፣ አዳዲስ ስሞችንና ግሦችንም ሳያስበው ይሰበስባል።

የጀመሩት መጽሐፍ 50ኛው ገጽ ላይ ደርሶ ካልያዘዎት ያለ ጸጸት ይዝጉትና ቦታውን ለሌላ ይስጡ። ለግጥም መድበል 10 ገጽ ይበቃል።

በንባብ ጊዜ በእጅዎ የሚኖረው እርሳስ ብቻ ነው። የወደዱት ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ ከጎኑ ትንሽ ነጥብ አድርገው ይለፉ እንጂ አያስምሩ፣ በኅዳጉ ላይም ከደራሲው ጋር አይከራከሩ፤ ክርክር ከተጀመረ ዕረፍቱ አበቃ። ማታ ላይ ከዕለቱ ነጥቦች አንዷን መርጠው ዓረፍተ ነገሩን ከነገጹ ቁጥር በደብተርዎ ይገልብጡት። የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር የት ላይ ዕረፍት እንደሚወስድ እጅ ሲገለብጥ ይገባዋል፤ ዓይን ብቻውን ሲሮጥበት ግን ሳያስተውለው ያልፋል።

መጽሐፉን ፀሐይ ላይ ትተው አይሂዱ። በርካሽ ወረቀት ውስጥ የሚገኘው ሊግኒን የተባለ የእንጨት ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ የጀርባው ሙጫም በሙቀት ይላላል። ከፀሐይ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ውኃ ነው፤ እኔ ረጅሙን መጽሐፍ ከነዕልባቱ ሐይቅ ውስጥ ጥዬው ስለማውቅ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ውኃ የሚንጠባጠብበትን መጽሐፍ ገጾቹን ለመለየት አይሞክሩ፤ እርጥብ ወረቀት በጣት ይቀደዳል። ጠብታው እስኪያቆም ድረስ በንጹሕ ፎጣ ላይ በቁሙ ያቁሙት፣ ከዚያም በየ20ው ወይም በየ30ው ቅጠል መካከል ውኃ የሚመጥ ነጭ ወረቀት ያስገቡና በራሰ ቁጥር ይቀይሩ። ወረቀቱ ብዙ ከሆነ የመጽሐፉን ጀርባ ይሰነጥቃል። ቬንቲሌተር በክፍሉ ውስጥ አየር እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ፣ ነገር ግን በቀጥታ ወደ መጽሐፉ አያዙሩት፤ ፀሐይም ኦቭንም ለዚህ አይሆኑም። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ለማድረቅ የማይመችዎ ከሆነ መጽሐፉን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቅዝቃዜው ጉዳቱን ባለበት ያቆመውና ማድረቁን በሚመችዎ ቀን ይቀጥላሉ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ተዘግቶ ከደረቀ ገጾቹ እንደ ጡብ ስለሚጣበቁ እርሱን ሳይውል ሳያድር ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይሻላል። የእኔው መጽሐፍ ዳነ፤ ውፍረቱ ግን ከቀድሞው አንድ ተኩል እጥፍ ሆኗል፣ እንግዳም ባየው ቁጥር ብዙ ያነበብኩት ይመስለዋል።

ወጥ ቤት፦ ጊዜ የሚያበስላቸው ምግቦች

ለሚያነብ ሰው የሚስማማው ምግብ የእጅ ሥራው ጥቂት፣ የመጠበቂያ ጊዜው ብዙ የሆነ ነው። በየደቂቃው መማሰል የሚፈልግ ምግብ ንባብን ይቆራርጣል፤ ፈጥኖ የሚደርሰው ደግሞ አንድ ገጽ እንኳን አያስነብብም። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ሳይታሽ የሚጋገረውን ዳቦ መልመድ ተገቢ ነው።

ሚዛን ያውጡና 400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 300 ግራም ውኃ፣ 8 ግራም ጨውና ወደ 1 ግራም የሚሆን ደረቅ እርሾ፣ ማለትም ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ይመዝኑ። ደረቁን አንድ ላይ ቀላቅለው ውኃውን ይጨምሩ፣ ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ በማንኪያ ያዋሕዱና ዕቃውን ይክደኑት። ሊጡ የሚጣበቅና ቅርጽ የለሽ ሆኖ ይታያል፤ አይደንግጡ፣ ዱቄትም አይጨምሩ። በተለመደው አሠራር በክንድ ኃይል የሚገኘውን ነገር እዚህ ላይ ውኃና ጊዜ ይሠሩታል፤ በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውኃ ጠጥተው በሰዓታት ብዛት ራሳቸው እየተያያዙ ግሉተን የተባለውን መረብ ይዘረጋሉ፣ እርሾው የሚያወጣው ጋዝም መረቡን እየገፋ ያጠነክረዋል። እርሾው ጥቂት የሆነው ሥራው ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይ ነው። ክፍሉ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚሞቅ ከሆነ እርሾውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ውኃውንም ቀዝቃዛ ያድርጉ፤ አለዚያ ሊጡ እርስዎ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ተነሥቶ ተመልሶ ይወርዳል።

የጊዜው አቀማመጥ እንደሚከተለው ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሊጡን ይቀላቅሉና ይተኙ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው ኋላ ላይ የምገልጸውን የማለዳ ጉዞ ያድርጉ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተመልሰው ሊጡን ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ያፍሱትና ከአራት ማዕዘን ወደ መሐል አጣጥፈው ድቡልቡል ካደረጉ በኋላ ለኦቭን በሚሆን ወረቀት ላይ ያሳርፉት። አንድ ሰዓት ያርፋል፤ እርስዎ ያነባሉ። ከዚያ ሰዓት እኩሌታ ላይ ተነሥተው ኦቭኑን በ230 ዲግሪ ይለኩሱ፣ ክዳን ያለውንና እጀታው ሙቀት የሚችለውን ወፍራም ድስትም ባዶውን ውስጡ ያስቀምጡ። 2 ሰዓት ላይ ሊጡን ከነወረቀቱ ወደ ጋለው ድስት አውርደው ይክደኑ፤ 30 ደቂቃ ተከድኖ፣ 15 ደቂቃ ያህል ደግሞ ክዳኑ ተነሥቶ ይጋገራል። የክዳኑ ጥቅም ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት ማፈን ነው፤ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ለጊዜው ለስላሳ አድርጎ ስለሚያቆየው ዳቦው ከመድረቁ በፊት የሚችለውን ያህል ያድጋል። 3 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ኦቭኑ ይጠፋል፣ የቀኑ ትኩሳት ሲመጣም ቤትዎ ቀዝቃዛ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ሰዓት ይታገሡ፤ ትኩስ ዳቦ ሲቆረጥ ውስጡ ሙጫ ይመስላል። ይህ ትእዛዝ ከመመሪያው ሁሉ እጅግ የሚጣሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ሁልጊዜ አልጠብቀውም።

ሁለተኛው የምመክረው ምግብ ቦሎቄ ነው። 250 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ለቅመውና አጥበው በብዙ ውኃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉ፤ በሙቀት ወራት መዘፍዘፊያውን ፍሪጅ ውስጥ ማድረግ ከመፍላትና ከመኮምጠጥ ያድነዋል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ይድፉና በአዲስ ውኃ ይጣዱት። በተለይ ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት፣ በመጀመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል እየተንተከተከ መፍላት አለበት፤ ለብ ባለ እሳት ብቻ ቀስ እያለ የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ከ45 እስከ 90 ደቂቃ እስኪለሰልስ ያብስሉ። ሲበርድ ከተከተፈ ሽንኩርት፣ ከሎሚ ጭማቂና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ለሁለት ቀን ምሳ ይሆናል። በከፍታ ቦታ ላሉ አንባቢዎች የሚነገር ነገር አለ፤ ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን የመፍያ ነጥቡ በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ በ2,400 ሜትር ላይ የሚንተከተከው ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። ስለዚህ ቦሎቄውም ሆነ እንቁላሉ በመጽሐፍ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ከዚህ ክፍል የማይታለፈው ደንብ ስለ ደወል ነው። ድስት ከጣዱ በኋላ «ይህን ምዕራፍ ልጨርስና» የሚል ሐሳብ ሲመጣብዎ ምዕራፉ ስንት ገጽ እንደቀረው እንኳን አይቁጠሩ፤ ደወል ሞልተው ስልኩን ከእጅዎ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፣ ለማጥፋት መነሣት ግድ እንዲሆንብዎ። ይህን የተማርኩት በመልካም ምዕራፍና በመልካም ድስት ዋጋ ነው። ምግብ ከሥሩ ያረረ እንደሆነ አያማስሉት፤ እሳቱን አጥፍተው ላይኛውን ሳይነካኩ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡና ይቅመሱት፣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ያረረውን ድስት ደግሞ ውኃ ሞልተው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው 15 ደቂቃ ያፍሉትና እንዲበርድ ይተዉት፤ ቅርፊቱ በእንጨት ማንኪያ ይለቃል። ይህ ለማይዝግ ብረት የሚሆን ነው፤ አሉሚኒየም በሶዳ ይጠቁራል።

ምግብ ይዘው በሚወጡበት ቀን የበሰለ ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነም ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ያድርጉ። ዳቦ፣ ፍራፍሬና ለውዝ ግን ይህ ሥጋት ስለሌለባቸው የጀብደኛ ስንቅ እነርሱ ናቸው።

ትንሽ ጀብዱ ምን ያህል ትንሽ ነው

ጀብዱው በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ፣ በኪስ ባለው ገንዘብ የሚሠራ፣ ከዚያ በፊት አድርገውት የማያውቁትም አንድ ነገር ያለበት ይሁን። ሁለት አዲስ ነገር ያለበት ጉዞ ይሆናል፤ ጉዞ ደግሞ ሻንጣ፣ ቀጠሮና ጭቅጭቅ ይጠራል። በሳምንት አንድ ይበቃል፤ በ9 ሳምንት 9 ጀብዱ ማለት ነው፣ ይህም ብዙ ሰው በዓመት ከሚያገኘው የሚበልጥ ይመስለኛል።

የማለዳው ጉዞ ከሁሉ ይቀልላል። ገና ሳይነጋ ከቤት ወጥተው፣ ቀን ቀን የሚያልፉበትን መንገድ ሰው ሳይበዛበት ይሂዱበት። በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው 45 ደቂቃ ሄዶ 45 ደቂቃ ቢመለስ ከ6 እስከ 7.5 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ሊጡም ከመነሣቱ አይቀር። ፀሐይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስለምትበረታ በእነዚህ ሰዓታት መካከል ረጅም መንገድ አይጀምሩ፤ በሙቀት ለሚራመዱበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ይያዙ፣ ከያዙት ሲሶው ሲያልቅ ፊትዎን ወደ ቤት ያዙሩ። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ጀብዱው ትንሽ ቢሆንም ፍለጋ ከተጀመረ ትልቅ ይሆናል።

የሳንቲሙ መንገድ የእኔ ተወዳጅ ነው። ከበርዎ ወጥተው መንገዱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ሳንቲም ይጣሉ፤ አንዱ ገጽታ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይወስድዎታል። ከስድስተኛው ውርወራ በኋላ ያቁሙና ካሉበት ቦታ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ዙሪያውን ይመልከቱ። ስድስት መንታ መንገድ 64 የተለያዩ አካሄዶች ይሰጣል፣ ስለዚህ ከአንድ በር ተነሥቶ በጋውን ሙሉ አዲስ መንገድ ማግኘት ይቻላል። መመለሻው እንዳይጠፋ ውርወራዎቹን በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ ቤቴ ያለበትን ሰፈር በቤቴ አጠገብ ቆሜ ጠይቄያለሁ።

ለሌሊት ጀብዱ ተወርዋሪ ኮከቦችን የሚያህል የለም። ፐርሴይድ የተባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት ማብቂያ ይታያል፣ የሚበረታውም ኦገስት 12 እና 13 ገደማ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 6 እና 7፣ ሲሆን ከሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በይበልጥ ይታያል። የምንመለከተው ኮከብ ሳይሆን ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ላይ የተወው ብናኝ ነው፤ ይህ ጅራታም ኮከብ ፀሐይን ለመዞር 133 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፀሐይ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፣ ብናኙ ግን ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የቆምንበት የምድር ገጽ ምድር ወደምትሮጥበት አቅጣጫ ስለሚዞር ብዛታቸው ይጨምራል፤ በዝናብ ውስጥ በሚሮጥ መኪና የፊተኛው መስታወት ከኋለኛው ይበልጥ እንደሚረጥበው ማለት ነው። ከመብራት ርቀው፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ በጀርባዎ ተኝተው ይጠብቁ። ዓይን ጨለማን በሚገባ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ አንድ ጊዜ ስልክ ማየት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ ብርሃን ካስፈለገዎ የእጅ ባትሪዎን በቀይ ፕላስቲክ ይሸፍኑት።

በጉዞ ላይ ነጎድጓድ ቢሰማዎ ብልጭታው ከታየበት እስከ ድምፁ ድረስ ያለውን ሴኮንድ ይቁጠሩና ለ3 ያካፍሉ፤ ውጤቱ መብረቁ ያለበት ርቀት በኪሎ ሜትር ነው፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ። ቆጠራው ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ሳይዘገዩ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ይግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍም አይውጡ። ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ የያዘ እንደሆነ ጀብዱው በቤት ውስጥ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የተበተነው ጋዝና ብናኝ የፀሐይን ብርሃን በመጋረዱ፣ በ1816 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በጋው ሳይታይ አለፈ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሊያርፉ የሄዱ ወጣት ጸሐፊዎች ዝናብ ቤት ስለዘጋባቸው እያንዳንዳቸው የሚያስፈራ ታሪክ እንዲፈጥሩ ተወራረዱ፤ ከመካከላቸው የነበረች፣ ኋላ ሜሪ ሼሊ በሚል ስም የታወቀች የ18 ዓመት ወጣት የጀመረችው ታሪክ «ፍራንከንስታይን» ተብሎ በ1818 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። እርስዎም ወዳጆችዎን ጠርተው፣ ያንን ዳቦ ቆርሰው በየተራ አንድ ታሪክ እንዲናገሩ ያድርጉ። መጻፍ ግን የተከለከለ ነው፤ የዕለቱ ድርሻ 10 መስመር እንደሆነ ነው።

አሥሩ መስመሮች

አንድ ደብተር ብቻ ይያዙ፣ ከመተኛትዎ በፊትም ይጻፉ። በማግሥቱ የተጻፈ ነገር ከማስታወስ ይልቅ ወደ ማሳመር ያዘነብላል። የመጀመሪያው መስመር ለቀኑና ለአየሩ ይሁን፤ ሦስቱ ለንባብ፣ ሦስቱ ለምግብ፣ የቀሩት ሦስቱ ከቤት ውጭ ለታየው ይሁኑ። ጀብዱ በሌለበት ቀን ከመስኮት የሚታየው ይበቃል።

አጻጻፉን በሚመለከት ደንቡ ጥብቅ ነው፤ «ውብ»፣ «አስደናቂ»፣ «የማይረሳ» የሚሉ ቅጽሎች አይገቡም። በእነርሱ ፋንታ ቁጥር፣ ስምና ግሥ ይግቡ። ስለ ቦሎቄው ቀን የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ቦሎቄ 250 ግራም። ደወሉ ሲጮኽ ገጽ 112 ላይ ነበርኩ። ድስቱ ከእኔ ቀድሞ ጨረሰ።» ያን ዕለት ማታ በጣም ተናድጄ ስለነበር ቀልድ ልጽፍ አላሰብኩም፤ ሳቁን ያመጣው የቁጥሩ ትክክለኛነት ነው። ለሚያዝናና ጽሑፍ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይገኛል፣ ጸሐፊው ለማሳቅ ሳይጥር የሆነውን በልኩ ሲያስቀምጥ። የሚሳቅበትም ራሱ ጸሐፊው ይሁን፤ እንግዳውን፣ ጎረቤቱን ወይም የአውቶቡሱን ሾፌር መሣቂያ ያደረገ ደብተር በሦስተኛው ሳምንት ሐሜት ይሆናል።

ከ10 መስመር የተረፈ ሐሳብ ቢያስቸግርዎ ለወዳጅዎ ደብዳቤ ይጻፉለት። ደብዳቤ ከተላከ በኋላ ስለማይታረም ለጸሐፊ ዕረፍት ነው።

በጋው ሲያልቅ

በ9 ሳምንት 63 ቀን አለ፣ አንድም ሳያጎድሉ ከጻፉ 630 መስመር ይኖርዎታል ማለት ነው። ደብተሩን ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይዝጉበት፣ ከዚያም ሁለት ባለ ቀለም እርሳስ ይዘው በአንድ ተቀምጦ ያንብቡት። በቀዩ ያሳቁዎትን መስመሮች፣ በሰማያዊው ደግሞ በትክክል የሠሩትን የምግብ ልኮችና ሰዓቶች ያመልክቱ። ሰማያዊዎቹን ወደ ወጥ ቤት ግድግዳ ያውጡ። ከቀዮቹ 30 ያህል ከተገኙ ለአንድ ወግ ይበቃሉ፤ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን እርስ በርስ በሚጠራሩበት መንገድ ይደርድሯቸው፣ ዳቦው ያልተነሣበት ቀንና መንገዱ የጠፋበት ቀን ጎን ለጎን ሲቆሙ የማያያዣውን አንቀጽ መጻፍ ቀላል ይሆናል። ከ10 ያነሱ ከሆኑ አይጨነቁ፣ ወግ ሳይወጣው የቀረ በጋም በጋ ነው፤ ዳቦ መጋገር ግን ተምረዋል።

በመጨረሻም የተዋሷቸውን መጻሕፍት ለባለቤቶቻቸው ይመልሱ። ከመመለስዎ በፊት በየገጹ ያኖሯቸውን የእርሳስ ነጥቦች በላጲስ ያጥፉ። ሐይቅ የገባውን መጽሐፍ በተመለከተ አዲስ ቅጂ ገዝተው ይስጡና ያበጠውን ለራስዎ ያስቀሩት፤ ቬንቲሌተሩ ለመጪው በጋ ማስቀመጫ ይፈልጋል።